ዝንጅብሉና የአባቴ ደም

ባለፈው ፍልሰታ ቤታችን ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው መኖር አልቻሉም፤ የአባቴ ዝንጅብልና የአባቴ ኪኒን። እኔ ከሁለቱ አንዱ ይውጣ አልኩ። አባቴም ከሁለቱ አንዱ ይውጣ አሉ። የተጣላነው የትኛው ይውጣ በሚለው ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ይመራሉ፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ለአብነት ተማሪዎች ዜማ ያስተምራሉ። እናቴን አንቺ፣ እሳቸውን አንቱ ነው የምለው። ቤታችን የለመደው እንደዛ ነው። ስለዚህ ስናደድ እንኳ በአንቱ ነው የምናደደው፤ በአንቱ የሚቆጣ ሰው ደግሞ ቁጣው ግማሽ መንገድ ላይ ይደክማል።

ከልባቸው በሮች አንዱ ጠቧል። ሐኪሙ እንዳለው የቆሎ ተማሪ ሳሉ ደጋግሞ ይይዛቸው የነበረ የጉሮሮ ሕመም ነው ልባቸውን የነካው። በሩ ሲጠብ ደም እንደልቡ አያልፍም፣ የልብ ምት ይዛባል፣ እዛ የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውየውን ይጥለዋል። ካቻምና አንድ ጊዜ ሄዷል። ምሳ ቀርበን ሳለን አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ፤ ውሃ ፈልገው "ውሃ" ማለት አቃታቸው። ሆስፒታል ሳንደርስ አፋቸው ተመለሰ፣ ንግግራቸውም ተመለሰ። ሐኪሙ ግን ሁለተኛ ከመጣ እንዲህ ምሮ ላይሄድ ይችላል ብሎ ዋርፋሪን የሚባል ሮዝ ኪኒን አዘዘላቸው።

ሰው ደም ማቅጠኛ ይለዋል። ደሙን አያቀጥነውም፤ ቶሎ እንዳይረጋ ነው የሚያደርገው። ከበዛ ያደማል፣ ካነሰ ይረጋል። መሀሉ ጠባብ ነው፤ መሀሉ ላይ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀውም በደም ምርመራ ብቻ ነው። ያን ሰሞን ምርመራው አልነበረም። ሆስፒታሉ ሪኤጀንት የሚባለው የመመርመሪያው ኬሚካል አልቆበታል፤ ባሕር ዳር እንዳንወስዳቸው ደግሞ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ስንነሳ ተመልሶ ይዘጋል። እኔ በፋርማሲ ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ እናቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፣ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፣ መለኪያው ግን በእጄ የለም።

ዝንጅብሉ አዲስ ነገር አይደለም። ማኅሌት የሚቆም ሰው ሁሉ ያኝከዋል። ጉንጫቸው ስር ይወትፉታል፣ ውሃውን ቀስ እያሉ ይውጡታል፣ ምጣጩን ይተፉታል። ጉሮሮ ይከፍታል ይላሉ፤ እኔም ይከፍታል እላለሁ። በነሐሴ ጭጋግ ባዶ ሆድ ቆሞ ለሚያዜም ሰው ሙቀቱ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ጾሙ ነው። ከቅዳሴ በፊት አፍ ላይ ምንም አይደረግም፤ ዝንጅብልም ቢሆን። ስለዚህ አባቴ ከቅዳሴ መጥተው እህል ከቀመሱ በኋላ የቀኑን ሁሉ ዝንጅብል እስኪተኙ ባሉት ሰዓታት ውስጥ አከታትለው ያኝኩታል። የነገውን ድምፅ ዛሬ ማዘጋጀት ነው ይሉታል። ኪኒኑንም የሚውጡት በዚያው ሰዓት ነው።

እንደዛም ሆኖ እርጥቡ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አልፈራም ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ ዝንጅብል ከገበያ ጠፋ። ያኔ የአባቴ ጓደኛ ቀኝ ጌታው ማር ውስጥ የተነከረ ደረቅ ዝንጅብል በማሰሮ ይዘው መጡ። ቀኝ ጌታው ማኅሌት ላይ ከአባቴ ትይዩ የሚቆሙ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። እርጥብ ዝንጅብልን የሚያቃጥለው ጂንጀሮል የሚባል ነገር ነው። ሲደርቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ እሱ ደግሞ ከእናቱ ይብሳል፣ ምላስ ላይም ይታወቃል። ሁለቱም ቤተ ሙከራ ውስጥ ደም ሲረጋ መጀመሪያ የሚጣበቁትን ትንንሽ የደም ክፍሎች እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ዋርፋሪን በሌላ በኩል ነው የሚሠራው። አንዱ በፊት በር ሌላው በጓሮ በር ሲገባ ማለት ነው። ሰው ላይ ምን ያህሉ ዝንጅብል ስንት ያደማል ለሚለው ግን ቁርጥ ያለ መልስ ተምሬ አልወጣሁም። አንዱ ምንም አያደርግም ይላል፣ ሌላው ተጠንቀቁ ይላል።

ጾሙ ከገባ ጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ጠዋት ጥምጣማቸውን እየጠመጠሙ ሳሉ ነሰራቸው።

ነጠላቸው ላይ ጠብ አለ። አፍንጫቸውን ያዝኩላቸው፣ ወደ ፊት ጎንበስ አደረግኳቸው። ሌላ ሰው ላይ ቶሎ የሚቆም ነገር እሳቸው ላይ አልቆም አለ። እናቴ ፎጣ ትለዋውጣለች፣ ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመዋል፣ ደወሉ ይደወላል። በመጨረሻ ቆመ። ግን ደም የፈሰሰው ሰው በዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይገባም፤ ሥርዓት ነው። አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ቅዳሴውን ከሩቅ በድምፅ ማጉያ ሰሙት። በፍልሰታ ከቅዳሴ ሲቀሩ እኔ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ማታው እስኪያልፍ አልጠበቅሁም። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልሰጠኝም። እህል እንደቀመሱ ማሰሮውን ከፊታቸው አንስቼ፣

"አባ፣ ይሄን ነገር ይተዉት" አልኳቸው።

"ዝንጅብል ከልጅነቴ ነው የማኝከው። አዲስ እንግዳ የመጣው ኪኒኑ ነው።"

"ኪኒኑ ለልብዎ ነው።"

"ዝንጅብሉም ለጉሮሮዬ ነው። ነስሩ ከዝንጅብሉ መሆኑን በርግጥ ታውቂያለሽ?"

መዋሸት እችል ነበር። አዎ ብላቸው ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዛው ያልቅ ነበር። "በርግጥ አላውቅም፤ ሊሆን እንደሚችል ነው የማውቀው" አልኩ።

"እና በማታውቂው ነገር ነው ድምፄን የምትወስጅብኝ?" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ማሰሮውን መለስኩላቸው።

ቀጥዬ እናቴ ላይ ዞርኩ። ከሽሮው ነጭ ሽንኩርቱን ቀንሺ አልኳት። አብሹም ይቅር፣ ሁለቱም ደም እንዳይረጋ ያግዛሉ አልኳት። ስለ ጎመኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነገርኳት፤ ጎመን ኪኒኑን ያዳክማል፣ ስለዚህ አንድ ቀን በሳህን ሙሉ ሌላ ቀን ምንም እንዳይሆን፣ ሁልጊዜ ያው መጠን ይሁን አልኳት። እሷ ድስቱን እያማሰለች ሰማችኝ። ከዛ "ጾም ነው ልጄ። ሥጋውን ጾሙ ከለከላቸው፣ ሽሮውንና ጎመኑን አንቺ ከለከልሽ። ውሃው ላይ ሳትደርሽ ቶሎ ላጠጣቸው" አለችኝ። ሳቅኩ፤ ግን ነገሩ አላሳቀኝም። ከእሷ ወጥ ቤት ውስጥ አንዱ ቅመም ወደዚህ ሌላው ቅጠል ወደዚያ የአባቴን ደም ይጎትቱታል፤ ማን እንዳሸነፈ የሚነግረን ምርመራ የለም።

ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ ኖሮ በማግስቱ ቀኝ ጌታው መጡ። ቁጭ ሳይሉ፣ "መሪጌታ፣ ልጅህ ዝንጅብልን ልታወግዘው ነው አሉ። ለብቻዋ ማውገዝ አትችልም፤ ጉባኤ ትጥራ" አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እናቴ ሳቀች፣ አባቴም ከነስሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሁለቱ ስለ ዋዜማው ያወራሉ። የደብረ ታቦር በዓል እኛ ከተማ እንደሌላው ቦታ አይደለም፤ ከጋፋትም ከጉና ተዳፋትም ሰው ይወርዳል። ዋዜማውን የሚመሩት አባቴ ናቸው። ቀኝ ጌታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነስሩ ያን ቀን ቢመጣስ ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ አይመጣም አሉ።

እንዴት እንደማይመጣ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ ግን እንዳሉት ሆነ፤ ነስሩ ቀረ። ጥርሳቸውን ሲፍቁ መፋቂያው ላይ ይታይ የነበረው ቀይ ነገርም ጠፋ። ዝንጅብሉ እንደሆነ ያው ነው፤ እንደውም በዓሉ ሲቃረብ በዛ። አባቴ ደስተኛ ሆኑ። ሲያልፉ "ያ ጂን ያልሽው የት ደረሰ?" ይሉኛል፤ ያን ሰሞን የነገርኳቸውን ጂንጀሮል ማለታቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። ተሳስቼ ነበር ማለት ነው አልኩ። ዝንጅብል እንደዚያው እያኘኩ ደሙ ከቆመ ዝንጅብሉ አይደለም።

ይሄን እያሰብኩ ልብስ አሰጣ ነበር። እጄ ገመዱ ላይ ቀረ። ዝንጅብሉ አልቀነሰም። የእናቴ ወጥም አልተቀየረም፤ ከምክሬ ማግስት ነው ወደ ድሮው የተመለሰችው። ታዲያ ደሙን ያቆመው ምንድን ነው? ከሁሉም ነገር የተቀየረ አንድ ነገር ካለ፣ ያ ነገር እኔ የማላየው ነው።

እናቴን ኪኒኑን ይወስዳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ተቆጣች። በእጄ ነው የምሰጣቸው፣ ፊቴ ነው በውሃ የሚውጡት፣ ምን እያልሽኝ ነው አለች። ምንም አልኩ። ያን ዕለት ግን አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ምጣድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀምኩ ተቀመጥኩ፤ ከዛ ሆኖ መደቡም ግቢውም ይታያል። በሉ። ዝንጅብል ጉንጫቸው ውስጥ ጨመሩ። እናቴ ኪኒኑን ሰጠቻቸው፣ አፋቸው ውስጥ አደረጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ዕቃውን መለሱላት። ከዛ ተነስተው ወደ ጌሾው ጥግ ሄዱ፣ ምጣጩን ተፉ፣ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ቢጫው የዝንጅብል ምጣጭ መሀል ላይ ሮዝ ነገር ሟሙቶ ቀለሙን ለቆበታል። አጠገቡ የትናንቱ፣ ዝናብ ያጠበው። ከዛ ወዲያም ነበር፤ ስንት እንደሆነ ለማየት አልፈለግሁም።

ቀኑ ብሩህ ነው፤ አባቴ ቀና ብለው ለአንድ ተማሪ ስህተቱን እያረሙለት ነው። ከኋላቸው ቆሜ በጆሯቸው "አባ፣ ይነሱልኝ" አልኩ። ድምፄን ሰምተው ነው መሰለኝ ሳይጠይቁኝ ተነሱ። ጌሾው ጥግ ወሰድኳቸው። ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ ነው የተጣላነው፤ እዚያ ማዶ እነሱ ዜማቸውን ይላሉ፣ እዚህ እኛ እንፋጫለን።

መሬቱን አሳየኋቸው። አልካዱም።

"ከነሰረኝ ቀን ጀምሮ ነው" አሉ።

"ለምን?"

"ለምን ትያለሽ? ስደማ አልገባም። ዋዜማ ላይ ጠብ ቢል ከመሀል ተነስቼ ልወጣ ነው? ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ? በዓሉ ይለፍ፣ ከዛ እውጠዋለሁ።"

"ዝንጅብሉን ትተው ኪኒኑን መዋጥ ነበረብዎት።"

"ያለ ዝንጅብል ጾም መጨረሻ ላይ ይሄ ጉሮሮ አይወጣም። አንቺ ትምህርትሽን ታውቂያለሽ፣ እኔ ጉሮሮዬን አውቃለሁ።"

"ደሙ ቢረጋስ? አንጎልዎ ላይ ቢወጣ ምላስ ነው የሚያስረው። ድምፅዎን ላድን ብለው ከነንግግርዎ ሊያጡት ነው እኮ።"

ለካ እናቴ የምስሩን ሰፌድ ልታነሳ መጥታ ኋላችን ቆማለች። ያን የሚያህል ጊዜ ኪኒኑን በእጇ ስትሰጥ የነበረች ሴት መሬቱን አየች፤ የዝንጅብሉን ምጣጭ፣ ሮዙን። አልጮኸችም።

"ያን ቀን አፍዎ ሲጣመም አንቱ ራስዎን አላዩም" አለቻቸው። "ያየሁት እኔ ነኝ። ድጋሚ አላይም። ካሁን ወዲያ ይሄን ኪኒን እኔ አልሰጥም፤ የሚተፉትን ነገር እንደ ሞኝ እያቀበልኩ አልኖርም።" ሰፌዱን ይዛ ገባች።

አባቴ ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቁ አንገታቸው ቀና ያለ ነበር። እሷ ስትገባ ወረደ።

ሆስፒታል ያለውን ሐኪም በስልክ አገኘሁት። የተዘለለውን አትደራርቡ፣ ከዛሬ ጀምሮ በድሮው መጠን ይቀጥሉ አለ። ኪኒኑ ሥራውን ለመጀመር ቀናት እንደሚፈልግ፣ እስከዛ ድረስ አፋቸውን፣ እጃቸውን፣ ንግግራቸውን እንድንጠብቅ፣ ከነሰራቸውና ካልቆመ ወዲያው እንድናመጣቸው ነገረኝ። ወጥ ውስጥ የሚገባ ዝንጅብል አያስጨንቃችሁ፤ እንዲህ በየሰዓቱ የሚታኘከው ግን ምርመራ እስኪገኝ ይቅር አለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ነበር፤ አባቴ ሰምተዋል።

ማሰሮውን ራሳቸው አመጡት። ጉንጫቸው ውስጥ የቀረውን ተፉ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ኪኒኑን ከእጄ ወስደው በውሃ ዋጡ። ከዛ አፋቸውን በሰፊው ከፈቱልኝ።

"እዪ" አሉኝ። "ከምላሴም ስር እዪ።"

አየሁ። አባቴን እንዲህ ማየት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ከምላሳቸውም ስር አየሁ።

"ዋዜማ ላይ ድምፄ ሲከዳኝ" አሉ አፋቸውን ዘግተው፣ "ሰዉ ምን ነካቸው ሲል አንቺ ትመልሺለታለሽ።" ከዛ በኋላ አላናገሩኝም። ሲፈልጉኝ በእናቴ በኩል ያስጠሩኛል። እኔ በየሰበቡ አጠገባቸው አልፋለሁ፤ ጋቢ ሲለብሱ ሁለቱም እጃቸው እኩል መነሳቱን፣ ተማሪ ሲጠሩ ስሙን መጨረሳቸውን አያለሁ። ማታ ስተኛ ከማዶ ድምፃቸውን ልሰማ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አደርጋለሁ።

የዋዜማው ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቀምሰው፣ ለብ ያለ ተልባ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። እናቴና እኔ በሴቶች በር በኩል ቆምን። ውጭ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ጭጋጉ እስከ ጉልላቱ ወርዷል። ሰው ስለሞላ አባቴን በግማሽ ነው የማያቸው፤ ጥምጣማቸውንና የመቋሚያቸውን ጫፍ።

ዝቅ አድርገው ጀመሩ። እስከዛ ድረስ ደህና ነው። ዜማው ከፍ ወደሚልበት ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ሰው የሚያውቀው፣ ከጉና ወርዶ ሊሰማው የመጣው ድምፅ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቀ። አጠገቤ ያለች ሴትዮ "ውይ፣ መሪጌታ አሟቸዋል እንዴ?" አለች። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ዜማውን ትቼ ቃሉን ነበር የምሰማው። ቃል በቃል፤ የሚውጡት ፊደል አለ? የሚንሸራተት አለ? የለም። ድምፁ ሸካራ ነው፣ ቃሉ ግን አንድም አልጎደለም። ቀኝ ጌታው ከማዶ ገብተው ከፍ ያለውን ቦታ ተቀበሏቸው፣ አባቴ ከስር ያዙ፣ እንደዛ እየተቀባበሉ ጨረሱት። ነጠላቸው ሲወጡም ነጭ ነበር።

ሴትዮዋ ምን ነካቸው ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ዝንጅብል ከልክያቸው ነው" አልኳት። አበድሽ ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

ሪኤጀንቱ የመጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ኪኒኑ እንደገና ከተጀመረ ሰንበት ብሎም የአባቴ ደም መለኪያ ቁጥር ገና ከሚፈለገው በታች ነበር፤ ደሙ አሁንም ቶሎ ይረጋል። ሐኪሙ ውጤቱን እያየ፣ ኪኒኑን ትተው በቆዩባቸው ቀናት ምንም ጥበቃ አልነበራቸውም ማለት ነው አለ። አባቴ ውጤቱን ከእጁ ተቀብለው ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ስንመለስ መንገድ ላይ ነው ያናገሩኝ።

"ነስሩ ግን ከዝንጅብሉ ነበር?"

"አሁንም አላውቅም" አልኳቸው። ሁለቱንም አንድ ላይ ይወስዱ ነበር፤ ኪኒኑ ብቻውን በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ ዝንጅብሉ አግዞት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስላልለካን አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ትንሽ ሄድን። "ጽጌ እየመጣ ነው" አሉ። በጽጌ ወቅት ከሳምንት ሳምንት ማኅሌት ነው።

ሳስብበት ነበርና ወዲያው ነገርኳቸው። ደሙ መሀሉ ላይ እስኪረጋጋ ምንም ዝንጅብል የለም። ከተረጋጋ በኋላ እርጥቡ ብቻ፣ ደረቁ ፈጽሞ አይሆንም፤ አንድ ስስ ቁራጭ፣ በየቀኑ ያችው፤ ከዛ እንመረምራለን። ሐኪሙም ካልተስማማ እሷም ትቀራለች።

"አንድ ስስ ቁራጭ" አሉ። "እሷ እኮ ለአንድ የሃሌታ ዜማ አትበቃም።"

"ቀኝ ጌታው ይረዱዎታል።"

ቆሙ። አሁን ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። "እሱ ሰውዬ" አሉ በዛ ገና ባልዳነ ድምፃቸው፣ "ከፍ ያለውን ቦታ አንዴ ከቀመሰ አይመልስልኝም" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ። ኪኒኑን የሚውጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር።